ቆቅ ጫጩቶቿን ስታሳድግ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰናዳ ንግግር



በአማርኛ ስለ ንቁ ሰው ሲነገር «እንደ ቆቅ የነቃ ነው» ይባላል። ይህን አነጋገር ያመጡት ቆቅን በሜዳና በገደል አፋፍ ያዩ ሰዎች ናቸው። ቆቅ የሰው ኮቴ ገና ከሩቅ ስትሰማ አንገቷን ታቀናለች፤ ጥቂት ትሮጣለች፤ ከዚያም በታላቅ ጩኸት ተነሥታ ወደ ሸለቆው ትወርዳለች። ነገር ግን ይህችው ፈሪ ወፍ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ጠባይዋን ትለውጣለች። ሰው ሲመጣባት ፈጥና አትሸሽም፤ ብትሸሽም ትመለሳለች፤ አንዳንድ ጊዜም ራሷን በጠላቷ እጅ የምትጥል ትመስላለች። ይህም የሚሆነው ጫጩቶቿ ከእንቍላል ወጥተው ገና መብረር ባልቻሉበት ወራት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ አጭር ጊዜ ነው፤ ይኸውም በዚያ ጊዜ እናቲቱ ምን እንደምትሠራ፥ እርስዋም ብትጠፋ ከእርስዋ ጋር ምን እንደሚጠፋ ለማስረዳት ነው።

የጎጃም ደጋ ለቆቅ የተመቸ አገር ነው። ደብረ ማርቆስ፥ በቀድሞ ስሙ መንቆረር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በስተ ሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር አልፎ ይነሣል፤ በስተ ደቡብ ግን ምድሩ እየወረደ ወደ ዓባይ በረሃ ይደርሳል። በደጋውና በወይና ደጋው፥ ቍጥቋጦ ባለበት ተረተር፥ በገደል አፋፍ፥ በእርሻ ዳርና ቤተ ክርስቲያንን በከበበው ደን ጥግ ቆቅ ትኖራለች፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ጅግራ በመንጋ ሆና ትታያለች።

የቆቅ ዓይነቷ ብዙ ነው። ከእነዚህም በደጋው የምትታወቀው አንዲቱ ግንባሯ ጥቍር፥ አናቷ ቀይ ዳማ፥ እግሯ ብጫ ነው። እርስዋን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ለዓለም ሊቃውንት በጽሕፈት ያስታወቀ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረ የጀርመን ሰው ነው፤ ስሟንም በረዳቱ በኤርኬል ስም ሰየመው። የዚህች ቆቅ የተፈጥሮ አገሯ ኢትዮጵያና ኤርትራ፥ ጥቂትም የሱዳን ክፍል ብቻ ነው። በ1957 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ሰዎች ወደ ሐዋይ ደሴቶች ወስደው ስለ ለቀቋት ዛሬ በዚያም ትራባለች። እንግዲህ የጎጃም እረኛ በየቀኑ በግራና በቀኝ የሚያያት ወፍ ሌላው ዓለም ከሩቅ አገር የሚያስመጣት ናት፤ ሰው ግን በደጁ ያለውን ነገር አዘውትሮ ስለሚያይ እንደ ተራ ነገር ይቈጥረዋል።

ቆቅ ጎጆዋን በዛፍ ላይ አትሠራም። በሣር መካከል ወይም በቍጥቋጦ ሥር መሬቱን በእግሯ ጥቂት ትጭርና በዚያ ከ4 እስከ 10 እንቍላል ትጥላለች። እንቍላሉን የምትጥለው በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀን እያሳለፈች አንድ አንድ እያለች ነው። ስለዚህ የፊተኛው እንቍላል ከኋለኛው ብዙ ቀን ይቀድማል። ሆኖም ጫጩቶቹ ሁሉ የሚወጡት በአንድ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ነው። ምክንያቱም እንቍላል ሙቀት ካላገኘ በውስጡ ያለው ፍጥረት ማደግ አይጀምርም፤ እናቲቱም ጥላ እስክትጨርስ ድረስ አትታቀፈውም። ይህን ነገር ዶሮ የምታረባ ባልቴት ሁሉ ታውቀዋለች። እርስዋም እንቍላል ሰብስባ ታቈይና በአንድ ቀን ታስታቅፋለች፤ በ21ኛውም ቀን ግድም ሁሉም ይፈለፈላሉ። የቆቅም የመታቀፊያ ጊዜ እንደ ቤት ዶሮ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይደርሳል።

በዶሮ ወገን ዘንድ ጫጩቱ ገና ቅርፊቱን ሳይሰብር በውስጡ ሆኖ ይጮኻል፤ እናቲቱም ከላይ ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። እንግዲህ እናትና ልጅ ዐይን ለዐይን ከመተያየታቸው በፊት በድምፅ ይተዋወቃሉ ማለት ነው። ይህም መተዋወቅ ለጨዋታ ያህል የተሰጠ አይደለም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የጫጩቱ ሕይወት የእናቱን ድምፅ ለይቶ በማወቁ ላይ ይመሠረታልና።

የርግብን ጫጩት ያየ ሰው የቆቅን ቢያይ እጅግ ይደነቃል። የርግብ ጫጩት ሲፈለፈል ዐይኑ አይገልጥም፥ ላባ የለውም፥ ከጎጆውም ሳይወጣ አባትና እናቱ በአፉ እየጨመሩ ይመግቡታል። የቆቅ ጫጩት ግን ዐይኑን ገልጦ፥ ለስላሳ ጠጕር ለብሶ፥ እግሩ ጠንቶ ይወጣል። መልኩም እንደ ደረቀ ሣርና ቅጠል ዥጕርጕር ስለ ሆነ፥ በመሬት ላይ ሲተኛ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ሳያየው ያልፋል። ከእንቍላል በወጣበት ቀን ወይም በማግስቱ እናቲቱ ጎጆዋን ትታ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች፤ ዳግመኛም ወደዚያ አትመለስም። የተሰበረ ቅርፊት በተከማቸበት ስፍራ አውሬ በሽታ ፈልጎ ስለሚመጣ፥ በዚያ መቈየት ለጫጩቶቹ አደጋ ነው። ለጉዞውም የሚሆን ስንቅ ፈጣሪ አስቀድሞ ሰጥቶታል፤ ከእንቍላሉ አስኳል የተረፈው በጫጩቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ምግብ ይሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ጠላት ይጠብቀዋል፤ እነዚህም ብርድ፥ ረኃብና አዳኝ ናቸው።

መጀመሪያው ብርድ ነው። ጫጩቱ የለበሰው ለስላሳ ጠጕር በደረቅ ጊዜ ያሞቀዋል፤ ሲርስ ግን አይጠቅመውም። ገላውም ትንሽ ስለ ሆነ የራሱን ሙቀት ገና መጠበቅ አይችልም። የደጋውን ሌሊትና ድንገት የሚወርደውን በረዶ የሚያውቅ ሰው፥ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ፍጥረት በዚያ ውስጥ ብቻውን ቢቀር ምን እንደሚሆን ይረዳዋል። ስለዚህ እናቲቱ ሌሊት ሁሉንም በክንፏ ሥር ትሰበስባለች፤ ቀንም ዝናብ ሲመጣ ወይም ጤዛው ሲበረታ ትቀመጥና ታቅፋቸዋለች። እርስዋ በጀርባዋ ዝናቡን ተቀብላ ትረጥባለች፤ እነርሱ ግን ከሥሯ ደርቀው ያድራሉ።

ሁለተኛው ረኃብ ነው። ቆቅ ካደገች በኋላ ፍሬና ሥራሥር፥ እህልም ትበላለች። ጫጩቶቿ ግን ፈጥነው ሥጋና ላባ ማብቀል ስላለባቸው በመጀመሪያው ሳምንታት ይልቁን የሚፈልጉት ትል፥ ፌንጣ፥ ምስጥና የጕንዳን እንቍላል ነው። እናቲቱ ይህን በአፋቸው አታጐርሳቸውም። ነገር ግን ቅጠሉን ትጭራለች፤ ትሉን በአፏ አንሥታ መልሳ ትጥላለች፤ በልዩ ድምፅም ትጠራቸዋለች። ጫጩቶቹም ሮጠው መጥተው በአፋቸው ይሞክራሉ፤ ድንጋይ የለቀመው ይተፋል፤ ትል ያገኘው ይውጣል። በዚህም አኳኋን ምን እንደሚበላ፥ ወዴትም እንደሚገኝ፥ በየትኛው ሰዓት ወደ ገላጣ ስፍራ መውጣት እንደሚገባ ከእርስዋ ይማራሉ። ለተማሪው መልሱን ሳይነግር መንገዱን የሚያሳይ መምህር ይህን ሥራ ከልቡ ያውቀዋል።

ሦስተኛው አዳኝ ነው። ከላይ ጭልፊትና ቁራ፥ ከታች ቀበሮ፥ ሽለምጥማጥና እባብ፥ ከመንደርም ውሻና ድመት ይመጡበታል። እናቲቱ አደጋ ባየች ጊዜ በአንድ አጭር ድምፅ ታስጠነቅቃለች፤ በዚያው ቅጽበት ጫጩቶቹ ሁሉ በየቆሙበት ተጋድመው ይደርቃሉ፤ ትንፋሽ እንኳ ያላቸው አይመስሉም። እርስዋ ግን ወደ ጠላቱ ፊት ወጥታ ክንፏን እየጎተተች፥ እየወደቀችና እየተነሣች፥ እንደ ቈሰለ ወፍ ትሆናለች። እረኛውም ሆነ ውሻው «አሁን ያዝኋት» እያለ ይከተላታል፤ ከጫጩቶቹ ካራቀችው በኋላ በድንገት በርራ ትጠፋለች። ብዙ ቈይታ፥ ስፍራው ጸጥ ማለቱን አይታ፥ በሌላ መንገድ ዞራ ትመለስና በዝግታ ትጠራቸዋለች። እነርሱም አንድ በአንድ ከሣሩ ይነሣሉ። እናት እስክትጠራቸው ድረስ አይነሡምና እርስዋ ያልተመለሰች እንደ ሆነ በተኙበት ቀርተው ብርዱ ይጨርሳቸዋል።

የክንፋቸው ላባ ግን ፈጥኖ ያድጋል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆናቸው ከመሬት ጥቂት ተነሥተው መብረር ይጀምራሉ፤ ከዚያም ወዲህ ቀበሮ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አያገኛቸውም። እናታቸውን መከተላቸውና ከእርስዋ መማራቸው ግን በዚህ አያበቃም፤ ብዙ ሳምንት ይቀጥላል።

የጅግራም ኑሮ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የጅግራ ወንዱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር ሆኖ ይጠብቃል። እናቲቱ ብዙ ቀን በመታቀፍ ደክማና ከስታ ስለምትነሣ፥ የእርሱ ማገዝ ለእርስዋ የመመገቢያ ጊዜ ይሰጣታል።

የእናትን ሥራ ሰው ሊተካው ይችል እንደ ሆነ በሌላ አገር በሰፊው ተሞክሯል። በሰሜን አሜሪካ ፈረንጆች በቱርክ አገር ስም የሚጠሩት ትልቅ የዱር ዶሮ አለ። እርስዋም እንደ ቆቅ በመሬት ላይ ትታቀፋለች፤ 28 ቀን ያህልም ትቈያለች፤ ጫጩቶቿ መብረር እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በዛፍ ላይ ማደሯን ትታ ከእነርሱ ጋር በመሬት ታድራለች። ይህ ወፍ ደኑ ስለ ተመነጠረ፥ አደኑም ልክ ስላልነበረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከብዙ አውራጃዎች ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። የአገሩም ሰዎች ተጸጽተው እንቍላል በቤት እያስፈለፈሉ፥ በእጃቸው ያሳደጉትን ወፍ በብዛት ወደ ጫካ ለቀቁ። ገንዘቡና ድካሙ ግን ከንቱ ሆነ። ያለ ዱር እናት ያደገው ወፍ ጭልፊትን ከቁራ፥ ጠላትን ከወዳጅ አይለይም ነበርና በቶሎ አለቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በዱር እናት ያደጉትን ወፎች ከተረፉበት ስፍራ በመረብ እየያዙ ወደ ጠፉበት አገር ወስደው በለቀቁ ጊዜ፥ አደኑንም በሕግ በወሰኑ ጊዜ ወፉ ተመልሶ በዛ፤ ዛሬ በሚሊዮን ይቈጠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ሰው እንቍላሉን ማሞቅ ይችላል፤ ጫጩቱንም መመገብ ይችላል፤ የእናቲቱን ዕውቀት ግን ሊሰጠው አልቻለም።

አሁን ወደ ጎጃም ተረተር እንመለስ። በየመንደሩ እረኛ ልጆች የቆቅን እንቍላል ለቅመው ጠብሰው ይበላሉ፤ የታቀፈችውንም በድንጋይ ይመታሉ፤ ጫጩቶቹን ይይዙና በቅርጫት ወደ ቤት ያመጣሉ። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ የሚነግራቸው ስለሌለ ነው። መምህሩ ነገሩን በሒሳብ ሊያሳያቸው ይችላል። አንድ ሰው ጫጩቶች በሌሏት ጊዜ አንዲት ቆቅ ቢገድል የሞተችው አንዲት ናት። 8 ጫጩቶች ያሏትን ከተፈለፈሉ በ5ኛው ቀን ቢገድል ግን፥ 8ቱም በዚያች ሌሊት ወይም በማግስቱ ይሞታሉና የጠፉት 9 ናቸው፤ እርሱ ግን ወደ ቤቱ የሚወስደው አንዲቱን ብቻ ነው። ወደ ቤት የመጡትም ጫጩቶች ብዙ ጊዜ አይሰነብቱም፤ ፍርሃቱና ብርዱ፥ የምግቡም አለመስማማት ይገድላቸዋል።

የገበሬው አቤቱታ ደግሞ ሳይሰማ ሊታለፍ አይገባም። ቆቅ የተዘራውን ዘር እየጫረች ታወጣለች፤ የደረሰውንም አዝመራ ትለቅማለች። በዘር ጊዜ ከንጋት እስከ ምሽት ማሳውን ሲጠብቅ የሚውል ድኻ ገበሬ «ይህች ወፍ ጠላቴ ናት» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሒሳቡ በሁለቱም ወገን ሊቈጠር ይገባል። ጫጩቶቿን ይዛ በእርሻው ዳር የምትዞረው እናት በዚያ ወራት ከልጆቿ ጋር የምትለቅመው ፌንጣና ትል፥ የአራሙቻም ፍሬ ነው፤ እነዚህም የገብሱና የጤፉ ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ ዘር በተዘራ ጊዜና እህል በደረሰ ጊዜ ልጆችን በማሳው ዳር አቁሞ በጩኸትና በወንጭፍ ድምፅ ማባረር ተገቢ ነው፤ በመታቀፊያዋና በማሳደጊያዋ ወራት ግን ቍጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ጎጆዋን ማፍረስ ገበሬውን አይጠቅመውም።

የጥንት ሕግም ይህን ነገር አላለፈውም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ላገኘ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም እናቲቱን ከልጆቿ ወይም ከእንቍላሏ ጋር አብሮ እንዳይወስድ፥ ይልቁንም እርስዋን እንዲለቃት ነው። ሊቃውንትም ዛሬ የሚናገሩት ከዚህ ጋር ይስማማል። የዶሮ ወገን የሆነች ወፍ እንቍላሏ ቢጠፋባት ብዙ ጊዜ እንደ ገና ትጥላለች፤ እናቲቱ ከዳነች ዘሩ ይቀጥላል፤ እናቲቱ ከጠፋች ግን እንቍላሉም ጫጩቱም አብሮ ይጠፋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ደግሞ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ከልክሏል። የእረኛ ልጅ ግን አዋጅ አንብቦ አያውቅም፤ ለእርሱ አዋጁ የአባቱና የመምህሩ ቃል ነው።

ስለዚህ ከመምህራን የሚጠበቀው ይህ ነው። በዝናቡ ወራትና ሣሩ ገና ባልደረቀበት ጊዜ ተማሪዎችን ወደ ተረተሩ ይዘው ይውጡ፤ ከሩቅ ሆነው እንዲመለከቱ፥ ሳይነኩም እንዲቈጥሩ ያስተምሯቸው። ክንፏን እየጎተተች የምትሄድ ቆቅ ባዩ ጊዜ ወደ ፊት ከመሮጥ ይልቅ ባሉበት ቆመው እግራቸውን ይመልከቱ፤ ጫጩቶቹ በአጠገባቸው ተኝተዋልና እንዳይረግጧቸው ይጠንቀቁ። ከዚያም በመጡበት ዱካ ተመልሰው ስፍራውን ይልቀቁላት። በቤት ያለችው ዶሮ ጫጩት ባወጣች ጊዜም ቀን እየቈጠሩ ስንት ቀን እንዳቀፈቻቸው፥ መቼ ክንፍ እንዳበቀሉ በደብተራቸው ይጻፉ፤ በቤት ያዩት በዱር ያለውን እንዲረዱ ያደርጋቸዋል።

ከአገር ሽማግሌዎች የሚጠበቀው ደግሞ በሰንበቴና በማኅበር ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ሦስት ነገር መናገር ነው። መጀመሪያው፥ ቆቅና ጅግራ በሚታቀፉበትና በሚያሳድጉበት ወራት ማንም እናቲቱን እንዳይነካ ነው። ሁለተኛው፥ ቍጥቋጦና ሣር ማቃጠል የሚያስፈልግ ቢሆን እንቍላልና ጫጩት በሌለበት ጊዜ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው፥ በእርሻዎች መካከል የቀረው ቍጥቋጦና የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥግ ፈጽሞ እንዳይመነጠር ነው፤ መጠጊያ የሌላት እናት ልጆቿን የምትሸሽግበት አታገኝምና። ሽማግሌ የተናገረው ቃል በመንደር ውስጥ እንደ ሕግ ይከበራል፤ ለጭልፊትና ለቀበሮ ሕግ ማውጣት ባይቻልም ለልጅና ለውሻው ባለቤት ግን ይቻላል።

ይህ ሁሉ ከገበሬው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእረኛውም የሚጠይቀው የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ጫጩቶቹ ክንፍ ሲያወጡ እናቲቱ ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ትመለሳለች፤ ኮቴ ስትሰማ እንደ ገና ትሸሻለች፤ ዘጠኝ ሆነውም በአንድነት ጮኸው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። ያን ጊዜ በተረተሩ ላይ የቆመው ልጅ ቆሞ ይቍጠራቸው፤ ከእርሱ ትዕግሥት የተገኙ ናቸውና።